ጸናጽሉን ማን ከለከላቸው?

ደብረ ሲና ጆሮው ሳይደፈን የሚገባ መንገደኛ የለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ ቁልቁል ሲጠማዘዝ አየሩ እየከበደ ይመጣል። የውጪው አየር የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ደግሞ እንደተዘጋ ነው። አውቶቡሱ 190 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ከተማዋ ላይ ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ምን እንደሚሉ ግን እግዜር ይወቀው። መንገደኛው በጣትና በጥቅሻ ተደራድሮ ይገዛል፣ አንድ ጭብጥ አፉ ውስጥ ይጨምራል፣ ይቆረጥማል፣ ይውጣል። ያኔ ቱቦው ይከፈትና ጆሮው «ጧ!» ይላል። መጀመሪያ የሚሰማውም ከኋላው የተቀመጠው ሰው ያንኑ ቆሎ በግማሽ ዋጋ መግዛቱን ነው። የደብረ ሲና ቆሎ ዝናው ከጣዕሙ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ግማሹ ከዚህ ሕክምና ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ ቆሎ የማይከፍተው ጆሮ መኖሩ ነው። አጎቴ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቆሎ ሲቆረጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የጉልምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፣ ባለ እህሉ ይጮኻል፣ እሳቸውም መልሰው ይጮኻሉ። በመሀሉ ወደ ይፋት ቆላ ወርደው ወባ እየያዛቸው ተመልሰዋል፤ ያኔ የዋጡት ኩዊኒን ጆሯቸውን ሲያስጮኸው እንደሰነበተ ያስታውሳሉ። መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሲተውት ይተዋል። የወፍጮው ጩኸት ግን አይተውም።

እሳቸው ታዲያ አንድም ቀን «አልሰማም» ብለው አያውቁም። «ሰዉ ማጉተምተም ጀመረ» ነው የሚሉት። በእሳቸው አባባል የዘመኑ ሰው ከንፈሩን የማይከፍት፣ ቃሉን አኝኮ የሚውጥ ሰነፍ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ ብዙ ሊቆዩ ይችሉ ነበር፤ ነገሩን የገለጠው አንድ የንግሥ ቀን ነው። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ውለው ሰዉ ሲበተን አጎቴ አንዱን መሪጌታ በር ላይ አስቁመው በቁጣ ጠየቁ፦ «ዘንድሮ ጸናጽሉን ማን ከለከላችሁ?» መሪጌታው ጸናጽሉን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ግራ ቢገባቸው አንስተው ፊታቸው ላይ ነቀነቁላቸው። አጎቴ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተው አዘኑላቸው፤ ሕመም መሰላቸው።

ከበሮውን ግን አንድ ምት አላመለጣቸውም ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያለው ጥቅልል ቱቦ ተዘርግቶ ቢለካ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርዝመት ላይ ረቂቅ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ተሰልፈዋል። መግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ፣ ወደ ጫፉ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። ዕድሜና ጩኸት ቀድመው የሚያጠቁት መግቢያው አካባቢ ያሉትን ነው። ስለዚህ ከበሮው ይተርፋል፣ ጸናጽሉ ይሞታል። በነገራችን ላይ እነዚህ ሕዋሳት በሰው ጆሮ አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ በዶሮ ጆሮ ግን እንደገና ይበቅላሉ። በየፋሲካው ስንት ዶሮ የምንገነጥል ሕዝብ፣ ጆሮን ማደስ የቻለችው እሷ መሆኗን ሳስበው ትንሽ ይቆጨኛል።

ከሙዚቃው በፊት ግን የሚጎዳው ወሬው ነው። «አ» እና «ኦ» ወፍራሙ ሠፈር ስለሚኖሩ ይሰማሉ። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፣ «ጽ» ግን ቀጭኖቹ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ በዚያ ላይ ጉልበት የላቸውም። አማርኛችን ደግሞ ወንድን ከሴት የሚለየው በዚህችው ጉልበት በሌላት «ሽ» ነው። ጎረቤቲቱ ለባለቤታቸው «ቡና ጠጣሽ?» ስትላቸው አጎቴ «አልጠጣሁም» ብለው ይመልሳሉ። «ልጆቹን አየሻቸው?» ስትል «የት አግኝቼ!» ይላሉ። ለባለቤታቸው የቀረበውን ጥያቄ ሁሉ እሳቸው መመለስ ጀመሩ። ባለቤታቸው እትዬ ግን ይኼ ሕመም ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ያለ ነው ይላሉ።

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ ኩካቸው ወጣ። (ይህን የዘለለ ሰው ለኩክ ሲል ብዙ ሺህ ብር ሊያወጣ ይችላል።) ከዚያ ጭር ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር አዝራር እየተጫኑ ተመረመሩና ኦዲዮግራም የሚባል ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱን ለአጎቴ ያስረዳኋቸው በሚያውቁት መንገድ ነው። ከወፍራሙ ከ250 ሄርዝ ተነስቶ እስከ 1000 ድረስ መስመሩ የደብረ ብርሃንን ሜዳ ይሄዳል፤ ጤነኛ ነው። 1000 ላይ ጣርማ በር ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል ነው፤ 2000 ላይ ደብረ ሲና፣ 4000 ላይ ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተወርውሮ ወደ 1300 ሜትር ግድም ሙቀት መውረድ ማለት ነው። አጎቴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ታዲያ መኪናው ፍሬን የለውም እንዴ?» አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ለመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳሉ ስነግራቸው ደግሞ ደነገጡ። «ሁሉም ወፍጮ ቤት ሠርቷል?»

ቤተሰቡ ግን ስለ ፍሬን ብዙ አልጨነቀውም፤ ያስጨነቀው ጩኸቱ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ዝግ ያለውን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍ ሲል ግን በአንድ ጊዜ ያመዋል፤ መሀሉ ጠባብ ነው። «ጋሼ፣ ራት ቀርቧል።» ዝምታ። «ጋሼ! ራት!» ዝምታ። «ጋሼ!! ራት ቀርቧል!!» «ምን ያስጮኽሃል? ደንቆሮ ነኝ እንዴ!» በየቤቱ ይህን ያልሰማ የለም። መስሚያ መሣሪያ የሚመርጥ ሰውም ይህን ቢያስብበት ይበጀዋል፤ ሁሉን ድምፅ እኩል የሚያጎላ ርካሽ ማጉያ ለእንዲህ ያለው ጆሮ መቅሠፍት ነው። ከበሮውን አስር እጥፍ አድርጎ ጸናጽሉን እንዳልነበረ ይተወዋል።

የመጀመሪያው እርዳታ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ መጠነኛ የመስማት ችግር ያለበት አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስሚያ መሣሪያ ከሱቅ መግዛት ይችላል። በ2024 መስከረም ደግሞ የአፕል ኤርፖድስ ፕሮ 2 የተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ በሶፍትዌር እንደ መስሚያ መሣሪያ እንዲያገለግል የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደ። የእህታቸው ልጅ ይህን ሰምታ ነጭ በነጭ የሆነውን ኤርፖድስ ላከች። አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጩን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አስፋልት ዳር ሲቆሙ የሠፈሩ ወጣት ቀናባቸው። ችግሩ ማንም ሰላም የሚላቸው ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ዘፈን እየሰሙ መስሎት ያልፋቸዋል። ደግሞም የአጎቴ ቁልቁለት መጠነኛ አይደለም። የሚሠራለት ሰው ይጠቀምበት፤ ለእሳቸው ግን ሮቢት ድረስ የሚወርድ አልሆነም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ወረድን፤ ማለት ወጣን፣ ከደብረ ሲና አዲስ አበባ መውጣትም መውረድም ስለሆነ ተዉት። የገባንበት የመስሚያ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ትሑት ሰው ነበር። በመስታወት ውስጥ የተደረደሩት አብዛኞቹ ከዴንማርክ የመጡ ናቸው፤ ያቺ ትንሽ አገር የዓለምን ጆሮ ይዛለች ማለት ይቻላል። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱን፣ ኦቲኮንን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የመሠረተው ሐንስ ዴማንት ሥራውን የጀመረው መስማት ለተሳናት ሚስቱ ሲል ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ባለቤታቸውን በጎን አዩዋቸው። ሌላው የዴንማርክ ፋብሪካ ዋይዴክስ በሙዚቃ ወዳዶች ዘንድ ስሙ ይነሣል፤ የስዊዘርላንዱ ፎናክ በሁሉም ቦታ አለ። እኔ ግን ስለ ማርካ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ መካከለኛ መሣሪያ በጥሩ ባለሙያ እጅ ሲስተካከል፣ ውድ መሣሪያ በችኩል ሰው እጅ ከሚስተካከለው ይሻላል። ባለሱቁ ጭር ባለው ክፍሉ ውስጥ «ጋሼ፣ ይሰማል?» አላቸው። «ይሰማል!» አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንኳን አጎቴ፣ ግድግዳውም ይሰማ ነበር።

የእኛ ፈተና ሌላ ነበር። እትዬ ከቦርሳቸው የደብረ ሲና ቆሎ አወጡ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያደረገላቸው የጆሮውን ቀዳዳ ግጥም አድርጋ የምትዘጋ ጎማ ያላት መሣሪያ ነበረች። አጎቴ ቆሎውን ቆረጠሙና ዓይናቸው ፈጠጠ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ጭንቅላታቸው ውስጥ ተነስቶ ነበር። ጆሮ ሲዘጋ በአጥንት በኩል የሚመጣው የራስ ድምፅ መውጫ ያጣና ውስጥ ያስገመግማል፤ ማኘክ፣ መዋጥ፣ ማውራት ሁሉ ይጎላል። «እኔ ራሴ ነኝ የምጮኸው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ የሚሰማ ጆሮ እንዲህ መዘጋት የለበትም። ለእሱ የሚሻለው ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ፣ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወደ ውስጥ የምትልክ፣ ጎማዋ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ክፍት ዓይነት ናት። ከበሮው በራሱ መንገድ ይገባል፤ መሣሪያዋ የጎደለውን ቀጭኑን ብቻ ትጨምራለች። በክፍቷ ጎማ ቆሎውን ደግመው ቆረጠሙ። ጨረሱት። እኛም ተራችን ደርሶ ስንዘረጋ ከረጢቱ ባዶ ነበር።

ክፍት ጎማ የራሷ ዕዳ አላት። ከስልክ ዘፈን በብሉቱዝ ሲላክ ወፍራሙ ድምፅ በቀዳዳው ሾልኮ ያመልጣል፤ ቤዙ ይሳሳል። የጎላው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መሣሪያዋ ታፏጫለች። ቁልቁለቱ በጣም ለገፋበት ሰው ከፊል የተዘጋው ያስታርቃል። ይህን በጆሮ ሞክሮ እንጂ በወረቀት መምረጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ሙዚቃው፣ ወደ ማሲንቆው። አጎቴ የባቲ ቅኝት ወዳድ ናቸው፤ የደብረ ሲና መንገድ በሮቢትና በአጣዬ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ባቲ የሚወስድ መሆኑን እንደ ግል ክብር ይቆጥሩታል። አዲሱን መሣሪያ አድርገው በሬዲዮ ማሲንቆ ሲሰሙ ግን «ይኼ ሰውዬ ጠጥቷል» አሉ። ሰውዬው አልጠጣም። መሣሪያው የተሠራው ለወሬ ነው፤ ሙዚቃ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። ወሬ አጭር፣ ቁርጥርጥ ያለ ነው። በፈረስ ጭራ የተገዘገዘ ረጅም ድምፅ ወይም የዋሽንት እስትንፋስ ሲመጣ መሣሪያው «ይኼ የራሴ ፉጨት ነው» ብሎ ያስባል፤ ሊያጠፋው ተቃራኒ ድምፅ ይልካል፤ ሁለቱ ሲታገሉ ማሲንቆው ይንቀጠቀጣል። በገናንም እንዲሁ። ከአሥሩ አውታሮች ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ያ የሚነዝር ድምፅ ሳይቋረጥ ሲመጣ፣ ጫጫታ ቀናሹ ክፍል ማራገቢያ ተከፈተ ብሎ ሊያዳፍነው ይነሳል። በመሠረቱ በገናን በገና የሚያደርገው ያ ንዝረት ነው፤ እሱ ከሄደ የቀረው ጅማት ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ መሣሪያ ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ አውርዶ ጆሮ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጣል። ለ«ስ» እና ለ«ሽ» ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ እትዬ የራሳቸውን ጥያቄ ራሳቸው መመለስ የጀመሩት በዚህ ነው። ለማሲንቆ ግን ጥፋት ነው። ከአውታሩ ጋር ተስማምተው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች ከቦታቸው ተነቅለው ሌላ ቦታ ሲወድቁ ቅኝቱ ይዛባል። አጎቴ መሣሪያውን ባቲን ወደ አንቺ ሆዬ ለመለወጥ ሞክሯል ብለው ከሰውታል፤ ክሱ ትንሽ የተጋነነ ነው። የመጨረሻው ችግር የድምፁ ጉልበት ነው። ተራ ወሬ ከ60 እስከ 65 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ በቅርብ የተመታ ከበሮ 100ን ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎቹ የቀድሞ ዲጂታል መሣሪያዎች መግቢያቸው ላይ ከ95 ወይም 96 ዴሲቤል በላይ መቀበል ስለማይችሉ ጫፉን ቆርጠው ይጥሉታል። አንዴ መግቢያ ላይ የተቆረጠ ድምፅ ውስጥ ገብቶ አይጠገንም። ድምፁን ቢቀንሱትም ያው የተሰነጠቀው ነው ዝግ ብሎ የሚሰማው።

ለዚህ በቶሮንቶ ለሙዚቀኞች ጆሮ ዕድሜውን የሰጠ ማርሻል ቼሲን የተባለ ኦዲዮሎጂስት የመከረው ዘዴ ከሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል፦ ማይክሮፎኖቹ ላይ ሦስት አራት ድርብ ፕላስተር መለጠፍ። ድምፁ ሳይገባ በፊት ወደ አሥር ዴሲቤል ያህል ይቀንስና መቆረጡ ይቀራል። የዴንማርክ መሐንዲስ የደከመበትን ቺፕ በኪዮስክ ፕላስተር ማሸነፍ ለእኛ አገር የተፈጠረ መላ ነው። ሬዲዮም ከሆነ ሬዲዮውን ቀነስ፣ መሣሪያውን ከፍ። ከባለሙያው ዘንድ ደግሞ «የሙዚቃ ፕሮግራም» ብሎ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፉጨት አጥፊው የተዘጋበት ወይም የላላ፣ ጫጫታ ቀናሹ የጠፋ፣ ድምፅ አውራጁ የተወገደ፣ ዝግ ያለውንና ከፍ ያለውን ብዙ የማያቀራርብ። ካልጠየቁት ማንም አይነግርም። ሌላ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሻጭ ስለ ሙዚቃ ብጠይቀው «ይኼ እኮ የሕክምና ዕቃ ነው» ብሎኛል፤ ማሲንቆ ጤና መሆኑን ያልሰማ ሰው እሱም ቢመረመር አይከፋም።

የባትሪ ነገር በቶሎ የሚያልቅ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ምቹ ነው፤ መብራት ካለ። አጎቴ መብራት ኃይልን ለጆሯቸው ዋስ ማድረግ አልፈለጉም፤ ቡናማ ልጣፍ ያላትን፣ 312 የምትባለውን ባትሪ መረጡ። ልጣፏ ሲነሳ አየር ገብቶ ትሠራለች፤ ልጣፏን አስቀድሞ ላጥ ላጥ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ሳይጠቀምባቸው የደከሙ ባትሪዎች ያገኛል። ከሁሉ የከፋው ጋቢ ሆነ። የደብረ ሲና ጉም ሲወርድ ጋቢ ጆሮ ድረስ መሸፈኑ ግድ ነው። ጋቢው ማይክሮፎኑን ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ጆሮውን ሲሸፍን ደግሞ የጎላው ድምፅ ተመልሶ ገብቶ መሣሪያዋ ታፏጫለች። ሰባኪው ስለ ንስሐ ሲያስተምር ምእመኑ ወደ አጎቴ ዞሮ ያያል፤ አጎቴም ያዘነ ፊት ያሳያሉ፤ ሰባኪውም ልባቸው የተነካ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ባለፈው ዓመት ሮቢት የዘመድ ሠርግ ተጠራን። ከበሮው ሲጀመር መሣሪያዎቹን እንዲያወልቁ ነገርኳቸው፤ እንዲህ ሲጮኽ ጆሯቸው ራሱ ይበቃል፤ ላቡም ለዕቃው አይበጅም። ተስማሙ፤ አወለቁና የባትሪውን ክዳን ሳይከፍቱ ኮት ኪሳቸው ከተቱ። ከበሮው በረድ ብሎ አዝማሪው ማሲንቆውን አንስቶ መገዝገዝ ሲጀምር ኪሳቸው ማፏጨት ጀመረ። በድንኳኑ ውስጥ ያን ፉጨት የማይሰማ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ወደ ማድ ቤት ሮጡ፣ ሾፌሮቹ ስልካቸውን ዳበሱ፣ አዝማሪው አውታሩን ደጋግሞ ፈተሸ። ሰዉ ከመቀመጫው ሲነሳ ያዩት አጎቴ «ምን ጠፋ?» ብለው እሳቸውም ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው መፈለግ ጀመሩ፤ ፉጨቱም አብሯቸው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ዞረ።

አዝማሪው ገባው። ማሲንቆውን ከፉጨቱ ጋር አስማምቶ፣ ኪሳቸው ውስጥ ወፍ ስላረቡ ሽማግሌና ወፏ ስለምትጠራት፣ ማን እንደሆነች ስላልታወቀች ሴት ገጠመ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጠ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አለኝ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እያወደስዎት ነው፣ ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ።

አጎቴ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ፣ እያፏጩ በሰዉ መሀል አልፈው አዝማሪው ፊት ቆሙ፣ አንድ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። «ደግሜ ልስማው» አሉ።